የመታሰቢያው ገንዘብ ለታሰበለት ሕመም ይዋል

ለሳንባ ጤና ምርምር ገንዘብ አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢና ለቦርዱ አባላት በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አንድ ቤተሰብ በእናቱ መታሰቢያ ያሰባሰበው ገንዘብ ለሳንባ ፈንገስ ሕመም ምርምር ብቻ እንዲውል ያቀረበው ጥያቄ ዳግም እንዲታይለት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

ከጽሕፈት ቤታችሁ ለአንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ የተላከው ደብዳቤ በትሕትና የተጻፈ ነው። ልጆቹ በእናታቸው ስም ስላሰባሰቡት ገንዘብ ያመሰግናል። ቀጥሎም ገንዘቡ ለቲቢና ለአጠቃላይ የሳንባ ጤና በተከፈተው የወል ሒሳብ ሊገባ እንደሚችል፣ ለፈንገስ ሕመም ተለይቶ ሊቀመጥ ግን እንደማይችል ይገልጻል። የተሰጠው ምክንያት አጭር ነው፦ በዚህ ርእስ የተከፈተ የምርምር ዘርፍ የለም፤ የጥናት ሐሳብ ያቀረበ ተመራማሪም እስካሁን አልተገኘም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ያ ውሳኔ እንደገና እንዲታይ በአክብሮት ለመጠየቅ የተጻፈ ነው። ቤተሰቡ ቅር ተሰኝቷል፤ ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ በር ግን አልሄደም። ጥናቱ እዚሁ አገር፣ እናቱ በታመሙበት ሁኔታ ያሉ ሕሙማንን በሚያይ ተቋም እንዲካሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሳኔው ያስከተለውን ነገር በዝርዝር ማስረዳት ተገቢ ይሆናል።

ሟቿ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት ነበሩ። ቲቢ ይዟቸው የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ጨርሰው፣ አክታቸው ነጻ ሆኖ፣ ድነዋል ተብለው ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር። ከዓመታት በኋላ ሳሉ ተመለሰ። ልብሳቸው ይሰፋቸው ጀመር፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ አልፎ አልፎም አክታቸው ላይ የደም ክር ይታይ ነበር። አክታቸው ሲመረመር የቲቢ ባክቴሪያ አልተገኘበትም። ራጁ ግን በቀኝ ሳንባቸው አናት ላይ አሮጌ ጉድጓድ አሳየ፤ ያንን ያየ ሐኪም ሁሉ ቲቢው አገርሽቷል ብሎ ጠረጠረ። የቲቢ መድኃኒት እንደገና ተጀመረ። ለውጥ አልመጣም። በጉድጓዱ ውስጥ የተድቦለቦለ ነገር እንዳለ የታየው ቆይቶ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ሲቲ ስካን ባዘዘበት ጊዜ ነው። ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው የደም ምርመራ በአካባቢው አልነበረም። የፀረ ፈንገስ መድኃኒት የተጀመረላቸው የቲቢው መድኃኒት ገና ሳይቆም ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌሊት ብዙ ደም አሳሉ፤ ሆስፒታል ሳይደርሱም አረፉ።

ልጆቻቸው በማንም ሐኪም ላይ ጣት አይቀስሩም። ያዩዋቸው ሁሉ በእጃቸው ባለው ዕውቀትና መሣሪያ የሚችሉትን አድርገዋል። ቤተሰቡን የሚያንገበግበው ያ ዕውቀትና ያ መሣሪያ በዚያ ጊዜ በዚያ ቦታ አለመኖሩ ነው። ገንዘቡም የተዋጣው ለዚሁ ነው።

ሕመሙ ሥር የሰደደ የሳንባ አስፐርጅሎሲስ ይባላል። አስፐርጅለስ የተባለው ፈንገስ በበሰበሰ ቅጠል፣ በእርጥብ ጭድ፣ በፍግ ክምርና በሻገተ እህል ላይ ይበቅላል፤ ከአንድ ሚሊሜትር ሁለትና ሦስት ሺህኛ እጅ የሚሆኑ ብናኝ ዘሮቹንም ወደ አየር ይለቃል። እነዚህን ብናኞች በየቀኑ የማይተነፍስ ሰው የለም። ጤነኛ ሳንባ ጠርጎ ያስወጣቸዋል። ቲቢ ጎድቶት ያለፈ ሳንባ ግን ክፍተት ይተርፈዋል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ የሰውነት መከላከያ በወጉ አይሠራም። ፈንገሱ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ ቀስ በቀስ ይስፋፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ተጠቅልሎ ኳስ ይሠራል። በዙሪያው ያሉት የደም ሥሮች ይቆጣሉ፤ ከተበጠሱ ደሙ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ይፈስሳል።

ችግሩ የሚከፋው ምልክቱ ከቲቢ ጋር አንድ በመሆኑ ነው፦ ለወራት የሚቆይ ሳል፣ ክሳት፣ ድካም፣ ደም ማሳል። የአክታ ምርመራ ባክቴሪያ ባያሳይም በራጅና በምልክት ብቻ የቲቢ ሕክምና መጀመር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ቲቢ በበዛበት አገር ይህን ማድረግ የሚያስመሰግንበት ጊዜም ብዙ ነው። ዘመናዊው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ እንኳ ቀደም ሲል በታከመ ሰው አክታ ውስጥ የሞተ ባክቴሪያ ዘረመል አግኝቶ በሽታው አለ ሊል ይችላል። እንዲህ ሆኖ በድጋሚ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ የፈንገስ ሕመምተኛ ጉዳቱ ጊዜ ማጥፋት ብቻ አይደለም። ከዋነኞቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያፈርስበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ ኢትራኮናዞልን የመሰለ ፀረ ፈንገስ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሊፈውስ ከሚችልበት በታች ይወርዳል። ሁለቱን አብሮ የወሰደ ሰው ሁለተኛውን እንዳልወሰደ ያህል ነው። የመምህርቷ ልጆች ይህን ያወቁት ከቀብር በኋላ ነው።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ርእሱ ከቲቢ ሥራችሁ ውጭ ነው የሚል አስተያየት ካለ፣ ከዚህ በታች ያሉት ነገሮች ቢታዩ ቤተሰቡ ይወዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በብሪታንያ በ1960ዎቹ ከቲቢ ድነው በሳንባቸው ላይ 2.5 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ክፍተት የቀረባቸው 544 ሰዎች ተመርምረው ነበር፤ ከአራት አንዱ በደሙ ውስጥ ፈንገሱን የሚዋጋ አንቲቦዲ ተገኘበት። ኡጋንዳ ውስጥ በጉሉ ከተማ የተደረገውና በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በቲቢ ታክመው በራጅ ላይ ክፍተት ከታየባቸው ሰዎች በዓመት 6.5 በመቶ ያህሉ አዲስ የፈንገስ ሕመም ሲይዛቸው፣ ክፍተት ከሌለባቸው የያዛቸው 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ራጅ ማን ክትትል እንደሚያስፈልገው ይህን ያህል ለይቶ መናገር ከቻለ፣ የቲቢ ሕክምናውን ለጨረሰ ሰው የመጨረሻ ቀን ራጅ ማንሳት ለቲቢ ፕሮግራም እንግዳ ሥራ አይሆንም።

በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተላላፊ በሽታዎች ቅጽ ላይ የታተመ ግምት፣ ሥር የሰደደው የሳንባ አስፐርጅሎሲስ በዓለም ላይ በዓመት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚይዝና 340 ሺህ ያህሉን እንደሚገድል ያስቀምጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩረት የሚሹ 19 ፈንገሶችን ዘርዝሮ ሲያወጣ፣ አስፐርጅለስ ፉሚጋተስን እጅግ አሳሳቢ ከተባሉት አራቱ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያው ጊዜ ለተላላፊ በሽታዎች ምርምር ከሚወጣው ገንዘብ ለፈንገስ የሚደርሰው ከ1.5 በመቶ በታች መሆኑን ድርጅቱ ራሱ ተናግሯል። በሚያዝያ 2025 ባወጣው ዘገባ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ ፈቃድ ያገኙት አዳዲስ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች አራት ብቻ መሆናቸውን ገልጿል።

መድኃኒቱ የሚያንሰው በከፊል የፈንገስ ሕዋስ ከባክቴሪያ ይልቅ ወደ ሰው ሕዋስ ስለሚቀርብ ነው፤ ፈንገሱን የሚመርዝ ነገር በሽተኛውንም በቀላሉ ይጎዳል። የቀረው ምክንያት ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ተመራማሪ አልቀረበም ወደሚለው። ገንዘብ በሌለበት ዘርፍ የጥናት ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው ከየት ይመጣል? ወጣቱ ሐኪምም ሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያው የሚያመለክተው ጥሪ ወዳለበት ነው። ጥሪ የሚወጣው ተመራማሪ ሲኖር፣ ተመራማሪ የሚመጣው ጥሪ ሲወጣ ከሆነ፣ ከሁለት አንዱ መጀመር አለበት፤ መጀመር የሚችለው ደግሞ ቦርዱ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግም። የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የተመሠረተው ለአንድ ሕመም፣ ለሥጋ ደዌ፣ ነበር። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ጀርባውን የሰጠው ሕመም ነበር፤ ለእሱ ብቻ ተለይቶ በተሰጠ ገንዘብ የተተከለው ተቋም ግን ዛሬ ቲቢን ጨምሮ ብዙ በሽታዎችን ያጠናል። ያኔ ገንዘቡ ለአጠቃላይ ጤና በሚል ሒሳብ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ተቋሙ በዚያ መልክ ይቆም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ከባሕር ማዶም አንድ ታሪክ ይጠቀስ። ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት ሴቶች በኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት ይሠሩ ነበር። አንዷ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሌላዋ በአልባኒ ሆነው ናሙና በፖስታ እየተላላኩ ከአፈር ውስጥ ባገኙት ነገር ኒስታቲንን ሠሩ፤ ግኝታቸውንም በ1950 ይፋ አደረጉ። ዛሬም በየፋርማሲያችን የሚሸጠው የአፍ ፈንገስ መድኃኒት ይኸው ነው። ከመድኃኒቱ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የባለቤትነት ገቢ ተገኘ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶች አንድ ሳንቲም ለራሳቸው አልወሰዱም። ገንዘቡ ለምርምር ዋለ፤ ግማሹ በስማቸው በተቋቋመው ፈንድ በኩል የፈንገስ ሕመምን የሚያጠኑ ሰዎችን ጭምር ደገፈ። ሴቶቹ ገንዘባቸው ወዴት እንደሚሄድ ወስነው ነበር፤ የተቀበሉትም ውሳኔያቸውን አክብረውላቸዋል።

የመምህርቷ ቤተሰብ ገንዘብ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም በአሰባሰቡ በኩል የሚናቅ አይደለም።

ልጆቹ ተዝካሩን አሳንሰው የቀረውን ለምርምር እንስጥ ሲሉ መጀመሪያ የተቃወሙት የሟቿ ታላቅ እኅት ነበሩ። ነገሩ በሽማግሌና በንስሐ አባት ፊት ቀረበ። በመጨረሻ ፍትሐቱና ለነዳያን የሚሆነው ማዕድ በወጉ እንዲደረግ፣ ለድንኳኑና ለሰፊው ድግስ ታስቦ የነበረው ገንዘብ ግን ለመታሰቢያው እንዲቀመጥ ተስማሙ። እኅትዮዋም ከተስማሙ በኋላ ከመቀነታቸው ፈትተው ከሁሉ በፊት የሰጡ ሆኑ። እድሩ ከመደበኛው ክፍያ ሌላ ተጨማሪ መዋጮ አወጣ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ አብዛኞቹ አሁን ልጆች ያሳደጉ፣ በስማቸው ተሰብስበው አዋጡ። ከለቀስተኞቹ መካከል በጓዳ በኩል ገብተው፣ እነሱም ድሮ ቲቢ ታመው እንደነበርና አሁን ሳሉ እንደተመለሰባቸው በሹክሹክታ የተናገሩም ነበሩ። ለሰው ያልነገሩት ቲቢ ከዳነም በኋላ ስሙ ስለሚከተል ነው። እነዚህ ሰዎች ብራቸውን የሰጡት ስለራሳቸውም ጭምር እያሰቡ ነው፤ የሰጡትም ለምን እንደሚውል ተነግሯቸው ነው።

ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው የሥራ ባልደረቦቿንና በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ሰዎች ጠይቃ ቃል የገቡላት አሉ። ሁሉም የሚጠይቋት ገንዘቡ በትክክል የት እንደሚገባና ማን እንደሚቆጣጠረው ነው። የቦርዱን ደብዳቤ ካሳየቻቸው በኋላ አንዳንዶቹ ጉዳዩ እስኪጠራ እንቆይ ብለዋል። አንድ ሰው ለአንድ ሕመም ብሎ የሰጠው ገንዘብ በወል ሒሳብ ውስጥ ከተቀላቀለ በኋላ ምን እንደሠራ ማንም ሊነግረው አይችልም፤ ለሚቀጥለው ዓመት መታሰቢያ እንደገና ሲጠየቅም እጁን የሚሰበስብበት ምክንያት ያገኛል። የውሳኔው የመጀመሪያ ጉዳት ይህ ነው፤ በገንዘቡ ላይ ሌላ ገንዘብ እንዳይጨመር አድርጓል።

ቦርዱ የሚሰጋበትን ነገር መረዳት አይከብድም። ለየሟቹ ሒሳብ ቢከፈት ገንዘቡ ተበጣጥሶ የማይረባ ይሆናል፤ ወጪውም ከጥናቱ ሊበልጥ ይችላል። ቲቢ ራሱ በዓለም ላይ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እየገደለ ገንዘቡ ለዚያ አልበቃም። ይህ እውነት ነው። ቤተሰቡ ግን በእናቱ ስም ሐውልት አይፈልግም፤ የሒሳቡ ስም የሕመሙ ስም ቢሆን ደስታው ነው፤ ሌሎች ቤተሰቦችም የራሳቸውን ሟች እያሰቡ እዚያው ሊጨምሩበት ይችላሉ። ከቲቢ ገንዘብ ላይም ምንም እንዲነሳ አልጠየቀም። ቲቢ የጎዳውን ሳንባ የሚመለከት ጥናት የቲቢ ሥራ ተከታይ እንጂ ተቀናቃኝ አይደለም።

ትንሽ ገንዘብ ምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄም መልስ አለ። ሕንድ ቻንዲጋር ውስጥ ያሉ ሐኪሞች በ2022 ባሳተሙት ጥናት 164 ሕሙማንን በሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ኢትራኮናዞልን ስድስት ወር፣ ለቀሩት አሥራ ሁለት ወር ሰጡ። ስድስት ወር ከወሰዱት 38 በመቶ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ አሥራ ሁለት ወር ከወሰዱት ያገረሸባቸው 10 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ መድኃኒት አልፈለሰፉም፤ ያለውን መድኃኒት ለምን ያህል ጊዜ መስጠት እንደሚገባ ነው የጠየቁት። ኢትራኮናዞልና ቮሪኮናዞል ከ2017 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። አንቲቦዲውን በግማሽ ሰዓት ገደማ የሚያሳይ፣ እንደ እርግዝና ምርመራ በመስመር የሚነበብ ፈረንሳይ ሠራሽ መመርመሪያም አለ፤ ትልቅ ላቦራቶሪ አይፈልግም። እንዲህ ያለው መመርመሪያ ቲቢ ታክመው ሳላቸው ለተመለሰ፣ አክታቸው ግን ነጻ ለሆነ ሰዎች በአንድ ሆስፒታል ለአንድ ዓመት ቢቀርብ፣ ከነዚህ ስንቱ የፈንገስ ሕመምተኛ እንደሆነ ይታወቃል። ያ ቁጥር ካለ ሐኪሙ በድጋሚ የቲቢ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት የሚያስበው ነገር ያገኛል።

ስለዚህ ቤተሰቡ የሚጠይቀው የሚከተለውን ነው። በመጀመሪያ ቦርዱ ለሳንባ ፈንገስ ሕመም አንድ ተለይቶ የሚታወቅ ሒሳብ እንዲከፍት፣ ገቢና ወጪውንም በየዓመቱ ለለጋሾች እንዲያሳውቅ። ሒሳቡ እንደተከፈተ ከላይ የተባለውን የመሰለ የአንድ ሆስፒታል ጥናት የሚመራ ሰው በይፋ ጥሪ እንዲፈለግ፤ ልምድ ያለው ሰው ካልተገኘም አንድ ወጣት ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ሥልጠና የሚያገኝበት መንገድ እንዲታሰብ። እንግሊዝ ማንቸስተር ውስጥ በዊዘንሾ ሆስፒታል ያለው ብሔራዊ የአስፐርጅሎሲስ ማዕከል ከ2009 ጀምሮ ይህን ሕመም ሲያክም የኖረ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለው ሥልጠና ሊጠየቅ የሚገባው በር ነው። ከዚህ ሌላ በሚቀጥለው የቲቢ ምርምር ጥሪያችሁ ላይ ሕክምና ከጨረሱ በኋላ ያለው የሳንባ ሁኔታ እንደ አንድ ርእስ እንዲገባ ይለምናል፤ ይህኛው ተጨማሪ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

ቦርዱ ሒሳቡን ለመክፈት የሚያግደው ደንብ ካለ፣ ደንቡ በጽሑፍ ቢሰጠውና እንዴት ሊሻሻል እንደሚችል ቢነገረው ቤተሰቡ የሚጠበቅበትን ለማድረግ ዝግጁ ነው። ተጠርቶ ቃሉን ቢሰጥም ይወዳል፤ የእድሩ ሊቀ መንበርና የሟቿ ታላቅ እኅትም አብረው ለመቅረብ ፈቃደኞች ናቸው።

የዓለም አስፐርጅሎሲስ ቀን ጥር ማገባደጃ ላይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 1 ቀን ይታሰባል። ልጆቹ በዚያን ቀን ለጋሾቻቸውን ሰብስበው የቦርዱን ውሳኔ ሊነግሯቸው አስበዋል። ምላሻችሁ ከዚያ ቀን በፊት ቢደርሳቸው ትልቅ ውለታ ነው። እስከዚያው ገንዘቡ በሦስት ፈራሚዎች ስም በባንክ እንደተቀመጠ ይቆያል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነው የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ በቤተሰቡ ጥያቄና ፈቃድ